ነገረ ወላጅ በጥድ አፋፍ

ዕውቀትና ማስተዋል በአንድ ማሕፀን አድረው በአንድ ዕለት የተወለዱ መንታ እኅትማማች የሚመስሉት ሰው፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ በብዙ ይሳሳታል፤ ዕውቀትስ ከመጻሕፍት ገጽና ከመምህራን አንደበት፣ በወጣትነት ወራት፣ በጥቂት ድካምና በብዙ ትዕቢት ትገኛለች፤ ማስተዋል ግን ከሰው ፊት፣ ከራስ ስሕተትና ከኀፍረት ጉድጓድ እየተቆፈረች፣ ዘግይታና ተለምና ትመጣለች፤ አንዳንዱም ሹም በመንበሩ ላይ ሆኖ ሲጠብቃት ሽበቱ ይቀድማታል። ብላቴኖችን እንዲያስተምር የተሾመ ሰው ደግሞ ከሹማምንት ሁሉ ይልቅ ይህችን ሁለተኛይቱን ይሻል፤ ዳኛ ቢሳሳት አንድ ባለጉዳይ ይበድላል፣ ጭቃ ሹም ቢሳሳት አንድ ቀበሌ ያጎሳቁላል፣ የትምህርት ቤት አለቃ ቢሳሳት ግን ገና ያልተወለደ ዘመን ይጠይቀዋል። ይህን የምለው ከሊቃውንት ተርታ ቆሜ አይደለም፤ ከፊደል ገበታ ብዙም ያልዘለቅሁ፣ የቀረውን ከቅዳሴ ዜማና ከሰንበት ስብከት በጆሮዬ የለቀምሁ፣ ቤቴም በትምህርት ቤቱ በርና በልብስ ሰፊው በረንዳ መካከል የቆመ ሴት ነኝ፤ ዐዋቂዎች ይጻፉት ብዬ ብጠብቅ አልጻፉትምና ያየሁት እኔ እጽፈዋለሁ፤ ቅር ያለው ቅር ይበለው።

በጃንሆይ ዘመን፣ በጥድ አፋፍ ከተማ፣ ቆርቆሮ የለበሰና የአጋም አጥር የታጠቀ አንድ ትምህርት ቤት ነበረ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራልና የሩቅ ገጠር ልጆች በየሰው ጓዳ ተጠግተው፣ ከአገራቸው በሚላክ ስንቅ እየተዳደሩ ይማሩበት ነበር። በዚያም የጸና ሥርዐት ነበረ፤ ያጠፋ ተማሪ «ወላጅ አምጣ» ይባላል፣ ወላጁ ቀርቦ እስኪነጋገር ድረስም ከበሩ ውጭ ይቆማል። ሥርዐቱ ለከተማ ልጅ መልካም ነው፤ ወላጁ ጠዋትም ማታም ይገኛል። ነገር ግን አባቱ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ፣ በቆላ እርሻው ላይ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ማንን ያምጣ? ሄዶ ልጥራው ቢል የሳምንት ትምህርት ይቀርበታል፤ አባቱም ሰምቶ ቢመጣ «እንግዲያው በቃህ፣ ና በሬ ጥመድ» ብሎ ይዞት ይመለሳል እንጂ ከመምህሩ አያስታርቀውም። ስለዚህ የተጨነቁቱ ሁሉ ዓይናቸውን ከበሩ ፊት ለፊት ወደሚቀመጠው ልብስ ሰፊ፣ ወደ ባሻ አስረስ አነሡ።

ባሻ አስረስ በወጣትነቱ ጠመንጃ፣ በሽምግልናው መቀስ የያዘ፣ ጢሙ ግርማ የተሞላ፣ ድምፁ ሸለቆ የሚያናውጥ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ ሳትወልድ ሞታበት ሌላ አላገባም። ተማሪ እያለቀሰ ሲመጣበት የስፌት መኪናውን ያቆማል፣ ካኪ ኮቱን ይደርባል፣ ከዘራውን ያነሣል፤ «ስምህ ማነው? የአባትህስ? በል ቅደም!» ብሎ ወደ ቢሮው ይገባል። እዚያም ከቅድም በፊት አይቶት የማያውቀውን ልጅ «አንተ ከንቱ! እኔ ደሜን አፍስሼ ላሳድግህ፣ አንተ እዚህ ጠመኔ ትወራወራለህ?» እያለ ሲያስፈራራው አለቃው ራሳቸው ደንግጠው «ይተዉት ባሻ፣ ልጅ ነው» ብለው ይማልዳሉ። ያኔ አለቃው አረጋዊው መምህር ተክለ አብ ነበሩ፤ ሁሉን ያውቃሉ፣ እንደማያውቅ ሰው ይሆናሉ። አንድ ቀን በደጄ ሲያልፉ አላስችል ብሎኝ «መምህር፣ ለመሆኑ ባሻ ስንት ልጅ ነው ያላቸው?» ብላቸው «እትዬ ዘነቡ፣ እግዜር የላከላቸውን ያህል» ብለው ፈገግ እንዳሉ አለፉ። ነገር ግን አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ማንንም አያሰናብቱም ነበር፤ «ነገ ቢያጠፋ ተጠያቂው ማነው?» ይላሉ፤ ባሻም ደረቱን ነፍቶ «እኔ ነኝ» ይላል። ይህም የአፍ ብቻ አልነበረም፤ ልጄ ነው ያለውን ሁሉ፣ ማታ ማታ፣ እስከተጠጋበት ጓዳ ድረስ ሄዶ ደብተሩን ያስገልጠዋል፤ ደግሞ ቢያጠፋም ሳይጠራ ጆሮውን ይዞ ያቀርበዋል። ቃሉ ሐሰት ነበረ፤ ምግባሩ ግን እውነት ነበረ፤ እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚመዘን የሚያውቅ ሚዛን ደግሞ በመምህር ተክለ አብ ልብ ውስጥ ነበረ።

ከዚህ ሁሉ የአፍ ልጅ መካከል ግን ባሻ አንዲት የእውነት ልጅ ነበረችው፤ ትርንጎ ትባላለች። እናቷ ከየት እንደመጣች ያልታወቀች መንገደኛ ነበረች፤ በክረምት ዝናብ በባሻ ጓዳ ተጠግታ ወለደችና አራስ ሳለች ሞተች፤ አባት የሚባል ስሙም አልተነሣ። ባሻ ሕፃኒቱን በፍየል ወተት አሳደጋት፤ ክርስትና በተነሣችበት ዕለትም፣ እንደ አገሩ ወግ፣ አውራ ጣቱን ማር አስነክሮ በመምህር ተክለ አብና በሁለት ሽማግሌዎች ፊት አጠባት። እንዲህ ያደረገ ሰው የጡት አባት ይባላል፤ ልጅቱም ከአብራኩ እንደወጣች ልጁ ትሆናለች፤ ይህም በእኛ ዘንድ ከማኅተም ይልቅ ይጠነክራል። የማሩን ሳሕን ይዤ የቆምሁት እኔ ነበርሁ። ዘመን ሲያልፍ ሽማግሌዎቹም መምህርም ወደ አፈር ገቡ፤ የዚያ ማር ምስክር እኔ ብቻ ቀረሁ።

መምህር ተክለ አብ ባረፉ ጊዜ በመንበራቸው አቶ ልሳነወርቅ እንግዳው የሚባል ሰው ተሾመ። ወጣት ነው፣ ቁመናው ያማረ፣ መነጽሩ የጠራ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፤ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚመራ የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል፣ ዲግሪውንም በመስተዋት አስገብቶ ከራሱ በላይ ሰቅሎታል። ሐሜትም ቢሆን ፍትሕ አለውና ክፉ ሰው ነበረ አልልም። ነጋዴው ቅቤ ቢያመጣለት መለሰ፤ ባለርስቱ ልጄን አሳልፍልኝ ቢለው በሩን አሳየው፤ አንዲት ነጭ ሸሚዙንም ማታ ራሱ አጥቦ፣ ድህነቱን ጎረቤት እንዳያይበት፣ ከውስጥ ከምድጃው አጠገብ ያሰጣት ነበር፤ እኔ ግን አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም አላልሁ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበረ፤ ሰውን የሚወደው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ሲያገኘው ነበር። በመጣ በጥቂት ሳምንትም የባሻን ነገር ደረሰበት፤ ባሻ በሰኞ የአንዱን፣ በረቡዕ የሌላውን፣ በዐርብ ደግሞ በንግድ ርቆ የሄደውን የእንድሪስን ልጅ ኑርዬን ይዞ ገብቷልና። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔም ለዘበኛው ለአያ ሸጋው ቆሎ ላቀብል ደርሼ ነበር።

«የልጁ አባት ነዎት?» አለ አቶ ልሳነወርቅ።

«ነኝ እንጂ ጌታዬ! አጥንቴን የጨረሰው ይኸው አይደል!»

«ስምዎ ማን ይባላል?»

«ባሻ አስረስ።»

«ልጁ ኑርዬ እንድሪስ ይባላል።»

ባሻ ጢሙን ዳሰሰ። «እንድሪስ… የጦር ሜዳ ስሜ ነው» አለ።

«ሰኞ ዕለትም የመኳንንት ጎሹ አባት ነበሩ።»

«ጎሹም የጦር ሜዳ ስሜ ነው፤ ብዙ ጦር ሜዳ ውያለሁ፣ ጌታዬ።»

አያ ሸጋው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ኑርዬም ሳቁን ሊውጥ ብሎ በሳል ታነቀ። አቶ ልሳነወርቅ ግን አልሳቀም። መምህር ተክለ አብ ዓይናቸውን የጨፈኑበትን ነገር እሱ በሁለት ዓይኑና በሁለት መስተዋት አፍጥጦ አየው፤ ያየውም ሐሰቱን ብቻ ነበር። ያንኑ ዕለት ባሻን በስሙ ጠቅሶ ወደ አውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጻፈ፤ ሰኞ ጠዋትም ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ከፍ አድርጎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከወለደ ሰው በቀር ማንም ወላጅ ነኝ ብሎ ይህን በር አይረግጥም! ወላጅ የሌለው ተማሪ በዚህ ግቢ አይኖርም!» አለ። ሊል የፈለገው ወላጁን የማያመጣ ማለቱ ነበር፤ ነገር ግን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ባለቤቱን አይጠብቅም። ከስምንተኛ ክፍል ሰልፍ የሴት ልጅ ሳቅ ተሰማ።

«ማነው የሳቀው?»

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ፣ ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጥታ።

«ምን አሳቀሽ?»

«አለመኖሬ ነዋ፣ ጌታዬ። ወላጅ የለኝም፤ እንግዲህ እዚህም የለሁም ማለት ነው።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ መምህራኑም ከንፈራቸውን ነከሱ። አቶ ልሳነወርቅ ፊቱ ደም መሰለ፤ የወላጅ አልባ ልጅ ምሬት በቀልድ ተሸፍኖ እንደመጣ ለማየት ጥቂት ልብ ብቻ ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን ድፍረቱን ብቻ ሰማ። «ውጪ!» አላት፣ «ወላጅሽን ሳታመጪ እንዳትመለሺ!» ፋሲካ እየቀረበ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪም ከፋሲካ በኋላ ነበረ፤ ያን ፈተና ያላለፈች ልጅ ዕጣዋ ባልና ወፍጮ መሆኑን ደግሞ እኔ ለማንም አላስረዳም።

በዚያው ዕለት ባሻ አስረስ መጣ። በዚህ ጊዜ ካኪውን አልለበሰም፣ ከዘራውንም አልያዘም፤ የክር ብጥስጣሽ ከትከሻው ላይ ሳያራግፍ፣ ጣቱ ላይ የመርፌ ቆቡን እንዳጠለቀ ገባ። «ጌታዬ፣ ይህችስ የእኔ ናት» አለ፣ ድምፁ ዝግ ብሎ። አቶ ልሳነወርቅም «ይህችስ በየትኛው ጦር ሜዳ የተገኘች ናት?» አለው። ባሻ አልተቆጣም፤ የመንገደኛይቱን ሞት፣ የፍየሏን ወተት፣ የማሩን ወግ አንድ በአንድ ነገረው። «ማር ወላጅ አያደርግም» አለ አለቃው፣ «ደግሞስ ባሻ፣ የሁሉም አባት ነኝ ሲል የኖረ ሰው ዛሬ እውነት ቢናገር እኔ በምን ልወቅ?» ባሻ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ፤ ጥያቄው ጨካኝ ነበረ፣ ነገር ግን ፍርደ ገምድል አልነበረምና። እኔም ይህን ስሰማ ነጠላዬን አጣፍቼ ልመሰክር ሄድሁ፤ አያ ሸጋው በዱላው በሩን ዘግቶ «እትዬ ዘነቡ፣ አይለፉ፤ ጌታው ‹ያቺ ወሬኛ እንዳትገባ› ብለዋል» አለኝ። አንባቢ ሆይ፣ ዕዳውን ተመልከት፤ ያች ንጽሕት እውነት ባሪያ ሆና የወደቀችው በሁለት ሰው እጅ ነበር፤ አንዱ ሐሰተኛ፣ ሁለተኛይቱ ሐሜተኛ!

አውራጃውም የአለቃውን ደብዳቤ አይቶ እጅግ አመሰገነ፤ አመስግኖም አላቆመ፣ ቃሉን ወስዶ ሕግ አደረገው፤ በመጪው ሚኒስትሪ ወላጁ በር ላይ ቀርቦ ያልመሰከረለት ተፈታኝ እንዳይገባ ብሎ ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ አዘዘ። ባሻ ካኪ ኮቱን ሰቀለ፤ ለማንም አልቆምም አለ። ያኔ ታየ ጉዱ። ወላጅ አምጡ የተባሉት የገጠር ልጆች አንዱ ሄዶ አልተመለሰም፣ ሌላው በጓዳ ተደብቆ ቀረ፤ የኑርዬ አግዳሚ ባዶ ሆነ፣ የመኳንንትም፤ አቶ ልሳነወርቅ በየክፍሉ ሲያልፍ ሥርዐቱ ቀጥ ብሎ ነበረ፣ ተማሪው ግን አልነበረም። ትርንጎ ብቻ ከበሩ አልራቀችም። የባሻን በርጩማ ተሸክማ፣ በአጋሙ አጥር በውጭ በኩል፣ ከስምንተኛ ክፍል መስኮት ትይዩ ተቀመጠች፤ ከውስጥ መምህሩ ሲጠይቅ ከውጭ ትመልሳለች፤ ከውስጥ ሲሳሳቱ ከውጭ ታርማለች። አለቃው መስኮቱን አዘጋባት፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ዘበኛውን ላከባት፤ «አያ ሸጋው፣ ይህ መንገድ የመንግሥት ነው፣ እኔም የመንግሥት ዜጋ ነኝ፤ ወላጅ ባይኖረኝም አገር አለኝ» አለችው፤ እሱም ፈገግታውን በጋቢው ሸፍኖ ተመለሰ።

በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅ ራሱ ወጣ። በበሩ ዞሮ መምጣት ሩቅ ስለ መሰለው፣ ቁጣም መንገድ ስለሚያሳጥር፣ በአጥሩ ዝቅተኛ ቦታ በኩል ሊሻገር አንድ እግሩን አነሣ፤ ያነሣውን ሳያሳርፍ አጋሙ ሱሪውን ከጉልበቱ እስከ ወገቡ ሸረከተው። እኔ ከደጄ ቆሜ ነበር፤ አልዋሽም፣ ሳቅሁ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ከበርጩማው ተነሣች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጅዋ ዘረጋችለት፣ ዓይኗንም ወደ ተራራው መለሰች። ሲታጠቀው ብቻ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ባሻ እዚያ ማዶ ናቸው» አለች፤ «ይስፉልዎታል። ወላጅ ስለሆኑ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ነው።»

በጥድ አፋፍ ሌላ ልብስ ሰፊ አልነበረም፤ አለቃውም ሌላ ሱሪ አልነበረውም። እንግዲህ ያ ዲግሪውን በመስተዋት የሰቀለ ሰው የባሻን ጋቢ ተከናንቦ፣ ባዶ ጭኑን በእጁ ሰብስቦ፣ በልብስ ሰፊው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ሊሄድ አይችልምና መስማት ግድ ሆነበት። ባሻ ግን ምንም አላለም፤ መርፌውን በፀሐይ አንጻር አንሥቶ ክሩን አስገባና የተቀደደውን ገጥሞ መውቀም ጀመረ። ዝምታው ያለቀበት አለቃው ነበር።

«ሱሪዬን ይዘው ልጄን አስገባ ይሉኛል ብዬ ነበር» አለ።

«ሱሪ የሌለው ሰው የሚሰጠኝን ቃል ምን አደርገዋለሁ?» አለ ባሻ። «ለብሰው የሚሰጡኝን ነው የምፈልገው።»

«ለምን ነበር የሚዋሹኝ?» አለ አለቃው፣ መርፌውን እያየ፤ ይህን ጊዜ ድምፁ የዐዋጅ አልነበረም።

«ጥያቄዎ ሌላ መልስ የለውማ። ‹ወልደኸዋል ወይ› ይሉኛል። አልወለድሁትም ካልሁ ልጁ ቆላ ይወርዳል፤ ወልጄዋለሁ ካልሁ ዋሸሁ። መምህር ተክለ አብ ግን ‹ተጠያቂው ማነው› ነበር የሚሉኝ፤ ለዚያች ጥያቄ አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም።»

አቶ ልሳነወርቅ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ወለወለ፤ ባዶ አግዳሚዎቹ በዓይኑ ሳይመጡበት አልቀረም። «ለትርንጎስ» አለ በመጨረሻ፣ «ተጠያቂው ማነው?»

ባሻ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «እኔ ነበርሁ። ከበሩ ያስወጧት ግን እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ ሁለት ሆነናል» አለና ሱሪውን አጥፎ በሁለት እጁ አቀበለው።

በማግሥቱ ትርንጎ ከአግዳሚዋ ተቀመጠች፤ አቶ ልሳነወርቅም ወደ አውራጃው ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፣ ስሕተቴን መልሱልኝ አለ፤ መልስ አልመጣም። በበቅሎ ተቀምጦ ወደ ቆላ ወረደ፤ ወጥተው የቀሩትን ልጆች ከየአባታቸው እርሻ እየለመነ አመጣቸው፤ ለእያንዳንዱም «ተጠያቂ ይኑረው እንጂ ማንም ይሁን» አለ። የትርንጎን ነጠላ ደግሞ ራሱ አጠበው፤ አጥቦም እንደ ቀድሞው ከውስጥ አልደበቀም፤ ከደጁ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከዚያች ከአንዲት ሸሚዙ ጎን አሰጣው። እኔም ባየሁ ጊዜ፣ ይህ ሰው መማር ጀመረ አልሁ።

የፈተናው ዕለት ደረሰ። የአውራጃው ተቆጣጣሪ አቶ ዳኛቸው፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ጥላ ያዥ የሚከተለው ሰው፣ በበሩ መካከል ወንበር አስዘርግቶ ተቀመጠ። ወላጆች በተራ ቀረቡ፤ አለቃው አስቀድሞ ልኮባቸው ነበርና ከቆላም መጡ። የትርንጎ ተራ ሲሆን ባሻ አስረስ ቀረበ፤ ስሙን ሲናገር ተቆጣጣሪው ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አስረስ! ያ የሁሉ አባት ነኝ ባዩ ሐሰተኛ! አንተው አይደለህ የጻፍህልን?» አለ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ዞሮ።

«እኔው ነኝ፣ ጌታዬ። ስለ ሌሎቹ የጻፍሁት እውነት ነበር፤ ስለ እሷ ግን ሳልጠይቅ ፈረድሁ። ይህ ሰው የጡት አባቷ ነው፤ ምስክርም አለው» አለና በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።

«ይቺ?» አለ ተቆጣጣሪው፤ ዝናዬ አውራጃ ደርሶ ኖሯል። «ይቺ ያላማችው ሰው በዚህ አገር ተፈልጎ አይገኝም!»

ያን ጊዜ አቶ ልሳነወርቅ፣ ወላጁ፣ ተማሪው፣ መምህሩ ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ ዘነቡ» አለኝ፣ «ቀድሞ ሸሚዜን የት ነበር የማሰጣት? ለጎረቤት ያወሩትን እዚህም ይድገሙት።»

ምን ይደረግ። «ከውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ» አልሁ፤ «አንዲት ብቻ ናት።» ሕዝቡ ሳቀ፤ የአለቃው ፊት ቀላ፣ አንገቱ ግን አልተደፋም።

«ሰሙ፣ ጌታዬ? በር ዘግቼ የደበቅሁትን ያየች ዓይን፣ በእጅዋ ይዛ የቆመችውን ማር አታይም? ወሬኛ ናት፤ ግን የምታወራው ያየችውን ነው። በሉ እትዬ፣ ይመስክሩ።»

መሰከርሁ፤ ከዝናቡ ጀምሬ እስከ ማሩ ምንም አላስቀረሁም፤ በሕይወቴ የተናገርሁትን ሁሉ ሰው በጉጉት ሰምቶኛል፣ በአክብሮት የሰማኝ ግን ያን ዕለት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ግን እጁን አወናጨፈ። «ማር በሕጉ ውስጥ የለም። ሕጉ ወላጅ ነው የሚለው፤ ቃሉም የአንተ ቃል ነው!»

«ቃሉ የእኔ ከሆነ ስሕተቱም የእኔ ነው፤ የእኔን ስሕተት እሷ አትከፍልም» አለ አቶ ልሳነወርቅ። ትርንጎን ክንዷን ይዞ በተቆጣጣሪው ወንበር አጠገብ አሳለፋት፤ እስከ ክፍሉም ወስዶ በአግዳሚዋ አስቀመጣት፤ ተመልሶም በሩ ላይ፣ በዚያ በተወቀመ ሱሪው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ትጠየቃለህ!» ብሎ ጮኸ ተቆጣጣሪው።

«ልጠየቅ እንጂ! እነዚህ ልጆች ዛሬ ሊጠየቁ ገብተው፣ እኔ አለቃቸው ብቻዬን ሳልጠየቅ ልቅር?»

ተጠየቀም። ከመንበሩ ወረደ፤ ተራ መምህር ሆኖ ወባ ወደሚያስጨንቀው በረሃ እንዲሄድ ታዘዘ። የትርንጎ ማለፍ የተሰማው እሱ ዕቃውን በሚያስርበት ሳምንት ነበር፤ እሷም ስትሰማ ወደ ቤቷ አልሮጠችም፤ ወደ ደጁ ሄዳ፣ ከተሰጣችበት ሸሚዙን አውርዳ፣ በባሻ ካውያ ተኩሳ አመጣችለት። በሄደበት ጠዋት አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ባሻ አስረስ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ሻንጣውን ተሸክሞለት ሊወጣ ሲል ረዳቱ በሩ ላይ ከለከለው። «ሸኚ አይወጣም! ዘመድ ካልሆኑ ይውረዱ። ምኑ ነዎት?»

«አባቱ ነኝ» አለ ባሻ።

«ተሳፋሪው ልሳነወርቅ እንግዳው ነው የተባለው፤ እርስዎን ደግሞ አገር ሁሉ አስረስ ብሎ ነው የሚያውቅዎ።»

ባሻ ጢሙን ዳሰሰ። «እንግዳው የጦር ሜዳ ስሜ ነው» አለ። አቶ ልሳነወርቅ፣ ያ በጥድ አፋፍ ሲስቅ ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀና «እውነቱን ነው፤ አሳልፈው፣ አባቴ ነው» አለ። ከእሱ በኋላ ብዙ አለቆች መጡ፣ ዲግሪያቸውን ሰቀሉ፣ አወረዱም፤ እኔም ሁሉንም ከደጄ ሆኜ አየሁ፣ አማሁም፣ አሁንም አማለሁ፤ በመንበር ተቀምጦ ሰውን ሲጠይቅ የሚውል ሁሉ ሹም ይባል ይሆናል፣ አለቃ መባል የሚገባው ግን በመንበሩ ምክንያት ተጠያቂ ለመሆን ራሱን አሳልፎ የሰጠ ብቻ ነው።